ቴርዚያን፣ ቦያጂያን፣ ሐዳድ፦ የትኞቹ ስሞች ከሙያ የመጡ ናቸው?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የድሬዳዋን የድሮ የአርመንና የዐረብ ነጋዴዎች ስም ከውልና ከደረሰኝ ላይ እየለቀምኩ መዝገብ ላይ እያሰፈርኩ ነው። ከሙያ የመጣውን ስም በምን ልለየው? «የአባት ስም» በሚለው ዓምድ ብጽፈውስ ችግር አለው?

ሀሁ፦
የአርመኖቹን ከኋላ ጀምረህ ፍታ። መጀመሪያ «ያን»ን ቁረጥ፤ «የእገሌ ወገን» ማለት ነው። ከዚያ መጨረሻው ላይ «ጂ» ካገኘህ የቱርክኛ የሙያ ምልክት ነው። ቦያ ቀለም፣ ቦያጂ ቀለም ነካሪ ወይም ቀቢ፤ ደሚር ብረት፣ ደሚርጂ ብረት ቀጥቃጭ። «ጂ» ስለሌለው ብቻ ግን አትጣለው። ቴርዚ ራሱ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከፋርስኛ የመጣው ናልባንድም ለፈረስ ኮቴ ብረት የሚመታው ሰው ነው። ጴጥሮሲያን ግን የጴጥሮስ ወገን እንጂ ሙያ የለበትም።

የቱርክኛ ሙያ ያለባቸው ስሞች በብዛት የኦቶማን ግዛት አርመኖች ናቸው። አንድ ስህተት በተደጋጋሚ ያጋጥማል፦ በፈረንሳይኛ ደረሰኝ «ጅ» የሚጻፈው በሁለት ፊደል ስለሆነ ገልባጮች «ቦያድጂያን» ይሉታል። ሁለቱን ስም የተለያየ ቤተሰብ እንዳታደርጋቸው።

መጋላ፦
አቦ፣ የአባት ስም ዓምድ ላይ በፍጹም አትጻፈው! ኬቮርክ ናልባንዲያንንና ነርሲስ ናልባንዲያንን ውሰድ። ኬቮርክ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ሙዚቀኛ ነው፤ ነርሲስ ደግሞ የወንድሙ ልጅ። በእኛ አጻጻፍ ግን የአንድ አባት ልጆች ይመስላሉ። አራት ዓምድ አድርገው፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የቤተሰብ ስም፣ የስሙ ትርጉም። የአባቱ ስም ካልታወቀ ባዶ ተወው። ትርጉሙን «ሥራ» ከሚለው ዓምድ ጋር አታምታታው፤ ናልባንዲያኖቹ ሙዚቀኞች እንጂ የፈረስ ብረት መቺዎች አልነበሩም።

ጁገል፦
ሐዳድ በዐረብኛ ብረት ቀጥቃጭ ነው፤ በሊባኖስና በሶርያ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ የተለመደ ስም ነው። በየመን ያሉት የሐድረሞቶቹ ሐዳዶች ግን ሌላ ናቸው። ስሙ የወጣላቸው ቅድመ አያታቸው ተሪም ከተማ ውስጥ ብረት ቀጥቃጭ ሱቅ መቀመጥ ያዘወትር ስለነበር ነው። ስለዚህ ሐዳድ ባየህ ቁጥር መጀመሪያ አገሩን ጠይቅ።

የሐረሪ «ካቢር»ም እንዳያሳስትህ። የቁርኣን መምህር ማዕረግ ነው፤ ከስም በፊት ይገባል እንጂ ለልጅ አይተላለፍም። በሐረር የልብስ ሰፊዎቹ ሙያ የተጣበቀው ከሰው ስም ይልቅ ከመንገዱ ነው፦ መኪና ግርግር የተባለው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ የተነሣ ነው።