ለአደን የሚፈቀደው ጥይት የመዳብ ብቻ ይሁን? ከጎንደር የተነሣ ክርክር

ጥያቄው፦ በፈቃድ በሚካሄድ አደን የእርሳስ አረር ጨርሶ ተከልክሎ የመዳብ አረር ብቻ ይፈቀድ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ትደግፋላችሁ ወይስ ትቃወማላችሁ? ምክንያታችሁን ከጠመንጃው ዓይነት ጋር አያይዛችሁ ግለጹ።

የእንስሳት ሐኪም፣ ጎንደር ከተማ
እደግፋለሁ። እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ ለአደን የተሠራው አረር አጥንት ሲመታ ይሰባበራል፤ ከዋናው አረር ተለይተው የሚበተኑት ቅንጣቶች በዐይን የማይታዩ ሆነው ከቁስሉ ርቀው ሥጋው ውስጥ ይቀራሉ። በራጅ ሲታይ የቁስሉ ዙሪያ ነጫጭ ነጥብ የተረጨበት ይመስላል። የጥንብ አንሳ ጨጓራ አሲዱ እጅግ ኃይለኛ በመሆኑ ይህንን እርሳስ አሟሙቶ ወደ ደሙ ያስገባዋል። በካሊፎርኒያ ኮንዶር የተባለውን ትልቅ ጥንብ አንሳ ከማንኛውም ነገር በላይ የገደለው የእርሳስ መመረዝ ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ሕግ ከ2019 ጀምሮ ለማንኛውም አደን የእርሳስ ጥይትን ከልክሏል። ዴንማርክም በ2024 የእርሳስ የጠመንጃ ጥይትን ለአደን አግዳለች። የእኛ አገር ሁኔታ ደግሞ ከእነርሱም ይከፋል፤ ምክንያቱም ከርከሮን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ስለማይበላው፣ ማሳ አጥፍቶ በፈቃድ የተገደለ ከርከሮ ሬሳው እንዳለ፣ ከነእርሳሱ፣ ሜዳ ላይ ይተዋል።

ገበሬ፣ ቋራ
ዶክተር፣ ያሉትን አልክድም፤ ሕጉ ቢወጣ ግን ሸክሙ የሚያርፈው በእኛ ላይ ነው። ማሽላ እሸት ሲይዝ የከርከሮ መንጋ አንድ ሌሊት ብቻ ቢገባበት የዓመት ጉልበት ተረግጦ ያድራል። ፈቃድ ሲገኝም የሚወጣው ያው በእጃችን ያለው ክላሽ ወይም ከአባት የተወረሰ ምንሽር ነው። ለእነዚህ የሚሆን የመዳብ አረር በየትኛው ገበያ ይገኛል? የማይገኝ ነገር በሕግ ከታዘዘ ፈቃድ መጠየቁን ትቶ በድብቅ የሚተኩስ፣ ከዚያም ብሶ መርዝ የሚያስቀምጥ ሰው ይበዛል።

አስጎብኚ፣ ደባርቅ
የመርዙን ነገር በዋዛ አንለፈው። በአፍሪካ ጥንብ አንሳን በብዛት የፈጀው መርዝ ነው፤ ለጅብ ተብሎ ሬሳ ላይ የተደረገ የተባይ ማጥፊያ በአንድ ቦታ በመቶ የሚቆጠሩ ወፎችን ጨርሶ ያውቃል። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ማደን ክልክል ቢሆንም ጥንብ አንሳዎቹ ምግብ ፍለጋ በቀን ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚበሩ፣ ቆላ ላይ የሚደረገው ነገር ደጋውን ይነካል። ስለዚህ ገበሬውን ወደ መርዝ የሚገፋ ሕግ ለወፎቹም አይበጅም።

የቀድሞ የአደን መሪ፣ አዘዞ
ክርክሩ በመዳብና በእርሳስ ላይ ብቻ በመቆሙ ሦስተኛው ዓይነት ተረስቷል፤ እርሱም ሙሉ ሽፋን ያለው፣ ማለትም እርሳሱ ከእርሱ በሚጠነክር ብረት የተለበጠው፣ የወታደር ጥይት ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 በሄግ የተፈረመው ስምምነት ሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚሰፋ አረር በጦርነት እንዳይተኮስ ስለከለከለ የጦር ሠራዊት ጥይት እንዳይሰፋ ሆኖ ይሠራል። ለአደን ግን ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ አረሩ እንደ ወስፌ በስቶ ያልፍና እንስሳው ቆስሎ ጫካ ገብቶ በሥቃይ ይሞታል። ለጎሽ ወፍራም ቆዳና አጥንት ተብሎ በ375 እና በ458 ካሊበር (የአፈሙዝ ቀዳዳ ስፋት) የሚተኮሰው ጠጣር አረር ሌላ ጉዳይ ስለሆነ ከዚህ ጋር አይደባለቅ።

ወደ መዳቡ ስንመጣ ለሁሉም ጠመንጃ አንድ ትእዛዝ ማውጣት ስሕተት ነው። እርሳስ በኩብ ሴንቲ ሜትር 11.3 ግራም ሲመዝን መዳብ 9 ግራም ያህል ነው፤ ስለዚህ እኩል ክብደት ያለው የመዳብ አረር ይረዝማል፤ የረዘመውን አረር አቅጣጫ ለማስያዝ ደግሞ አፈሙዙ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ፈጠን ያለ ሽክርክሪት መስጠት አለበት። በ308 ካሊበር 11.7 ግራም እርሳስ ይተኩስ የነበረ አዳኝ ወደ 9.7 ግራም መዳብ ቢወርድ ምንም አይጎዳም፤ ፍጥነቱ ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 860 ሜትር ያህል ስለሆነ እስከ 250 ሜትር አረሩ በደንብ ይሰፋል። ብዙዎቹ የመዳብ አረሮች በደንብ ለመስፋት ዒላማው ላይ በሰከንድ ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ፍጥነት ይፈልጋሉ። የክላሽ ጥይት ግን የሚነሣው በሰከንድ በ715 ሜትር ፍጥነት ነው፤ 150 ሜትር ርቀት ላይ ከተፈለገው ፍጥነት በታች ይወርዳል። በእንዲህ ያለው መሣሪያ መዳብን ማስገደድ ከወታደር ጥይት የማይለይ በስቶ አላፊ አረር ማብዛት ነው።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ በባሌና በአርሲ ደጋ አጋዘን ለማደን የሚመጣው እንግዳ ጠመንጃውንም ጥይቱንም ከአገሩ ይዞ ስለሚገባ፣ ለእርሱ ከነገ ጀምሮ መዳብ ግዴታ ይሁን፤ ለአገራችን አንድ ሳንቲም ወጪ የለውም። ሰብል ያጠፋ እንስሳን ግን ገበሬው በክላሽ ከሚያቆስለው፣ ተገቢ ጠመንጃና ጥይት የተሰጠው የዱር እንስሳት ጥበቃ ሠራተኛ ይግደለው።

ገበሬ፣ ቋራ
ጋሼ፣ ስለ ጥይቱ የተናገሩት እውነት ነው፤ የቆሰለ ከርከሮ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ እኛም እናውቃለን። ሠራተኛው ግን የሚደርሰው ማሽላው ካለቀ በኋላ ነው። በአጨዳ ወራት ቀበሌው ውስጥ የሚያድር አንድ ሰው ይመደብ፤ ያኔ ክላሼን ሰቅዬ ተቃውሞዬን አነሣለሁ።

የእንስሳት ሐኪም፣ ጎንደር ከተማ
በካሊበር መለየቱን ተቀብያለሁ። እርሳስ ሊቀጥል በሚችልበት ቦታ ግን ሬሳው ይቀበር የሚል ግዴታ ፈቃዱ ላይ ይጻፍ።

አስጎብኚ፣ ደባርቅ
መቅበሩን በጅምላ አልደግፍም፤ ሬሳ ሁሉ ከተቀበረ ወፎቹ ምን ይበላሉ? ደግሞም ጅብ ቆፍሮ ያወጣዋል።

የቀድሞ የአደን መሪ፣ አዘዞ
በመዳብ የተገደለው ለወፎቹ ይተው፤ በእርሳስ የተገደለው ብቻ ይቀበር። ቁስሉን ቆርጦ ማውጣት አይበቃም፤ ቅንጣቱ አርባ ሴንቲ ሜትር ድረስ ሊርቅ ስለሚችል ከርከሮን በሚያህል እንስሳ ላይ ንጹሕ የሚባል ሥጋ እምብዛም አይተርፍም። ጉድጓዱ ጠለቅ ይበል፤ ላዩም ሁለት ሰው በሚያነሣው ድንጋይ ይከደን።