የኢንኮደሩን ጩኸት ሳጣራ ጠረጴዛው መወዛወዝ ጀመረ፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (አዘዞ)፦
ጤና ይስጥልኝ። እዚሁ ጎንደር፣ አዘዞ ባለች አነስተኛ ወርክሾፕ ውስጥ ለቅርጽ ማውጫ የሚሆን ተንቀሳቃሽ ጠረጴዛ እየሠራሁ ነው። ሰርቮ ሞተሩ በአንድ ዙር 5 ሚሊ ሜትር የሚያስኬድ ቦል ስክሩ (ዙርን ወደ ቀጥታ እንቅስቃሴ የሚቀይር ብሎን) ያዞራል፤ ዙሩን የሚለካው ኢንኮደር በዙር 4000 ካውንት (የቆጠራ ምት) ስለሚሰጥ አንዱ ካውንት 1.25 ማይክሮን ነው። ተቆጣጣሪው በየ1 ሚሊ ሰከንዱ ቦታውን እያነበበ ፍጥነቱን ከሁለት ተከታታይ ንባቦች ልዩነት ያሰላል። በሰከንድ 0.5 ሚሊ ሜትር በሚሆን ዝግታ ሲሄድ ሞተሩ ስለሚጮኽ፣ በፍጥነቱ ንባብ ላይ 50 ሄርዝ ላይ የሚቆርጥ ሁለተኛ ደረጃ ባተርዎርዝ ማጣሪያ (ከዚያ በላይ ያለውን ፈጣን ለውጥ የሚያዳክም) ጨመርሁበት። ጩኸቱ ቢጠፋም ጠረጴዛው 20 ሄርዝ አካባቢ መወዛወዝ ጀመረ። መስመራዊ ያልሆኑ ማጣሪያዎች (የሁለት ምልክቶች ድምር ሲገባባቸው የየብቻ ውጤታቸውን ድምር የማይሰጡ) እንዲህ ላለው ችግር እንደሚረዱ አንብቤአለሁና የሞከራችሁት ካላችሁ ብታስረዱኝ።

መላሽ (ማራኪ)፦
ያ ማጣሪያ 20 ሄርዝ ላይ 34 ዲግሪ ያህል የፌዝ መዘግየት (ሙሉው ዑደት 360 ዲግሪ ሆኖ፣ ንባቡ ከእውነተኛው እንቅስቃሴ ወደ ኋላ መቅረቱ) ያመጣል፤ መወዛወዙም ከዚያው ነው። በምትኩ የሦስት ንባብ ሜዲያን ይሞክሩ፤ መካከለኛውን ዋጋ ብቻ ስለሚያሳልፍ መዘግየቱ አንድ ንባብ፣ ማለትም 20 ሄርዝ ላይ 7 ዲግሪ ገደማ ነው።

መላሽ (ፒያሳ)፦
ከላይ የመለሱት ወንድማችን ስለ መዘግየቱ ልክ ናቸው፤ በሜዲያኑ ግን አልስማማም። ሜዲያን የሚጠቅመው ከኬብል የሚገባ ብቸኛ የተሳሳተ ንባብ ሲኖር ነው። የእርስዎ ጩኸት ግን ከካውንቱ ስፋት የመጣ ነው፦ በዚያ ዝግታ በ1 ሚሊ ሰከንድ የሚያልፈው 0.4 ካውንት ስለሆነ፣ የሚሰላው ፍጥነት በዜሮና በሰከንድ 1.25 ሚሊ ሜትር መካከል ይዘላል። ልዩነቶቹ 0፣ 0፣ 1፣ 0፣ 1 እያሉ ሲደጋገሙ አማካዩ 0.4 ነው፤ በሜዲያን ካሳለፏቸው ግን አማካዩ 0.2 ይሆናል። ጠረጴዛው በግማሽ ፍጥነት እየሄደ ነው ብሎ ተቆጣጣሪዎን ያሳስተዋል ማለት ነው፤ ከጩኸቱ የባሰ መዘዝ ይመስለኛል።

እኔ ብሆን በዝግታ ጊዜ ካውንት መቁጠሩን ትቼ፣ በሁለት ካውንቶች መካከል ያለፈውን ጊዜ በማይክሮ ሰከንድ እለካ ነበር። እዚህ ላይ ያ ጊዜ 2.5 ሚሊ ሰከንድ ነው። ከዚያ ማጣሪያውን ወደ 150 ሄርዝ ከፍ ቢያደርጉት መዘግየቱ ከ34 ወደ 11 ዲግሪ ይወርዳል።

መላሽ (አራዳ)፦
ጥያቄው ስለ መስመራዊ ያልሆኑ ማጣሪያዎች ስለነበር ጥቂት ልጨምር። ክሌግ የተባለ ተመራማሪ በ1958 ባቀረበው ኢንተግሬተር (ስህተትን እየደመረ የሚያጠራቅም የተቆጣጣሪ ክፍል)፣ ስህተቱ ማለትም በታዘዘውና በተነበበው መካከል ያለው ልዩነት ዜሮን ባቋረጠ ቁጥር የተጠራቀመው ድምር ወደ ዜሮ ይመለሳል። ተራው ኢንተግሬተር 90 ዲግሪ ሲያዘገይ የክሌግ 38 ዲግሪ ብቻ ነው፤ በመስመራዊ ማጣሪያ ይህን ያህል ፌዝ ማትረፍ ከፈለጉ በጌይን (ምልክቱ በሚባዛበት መጠን) መክፈልዎ አይቀርም። ሆኖም ቁጥሩ የሚመለከተው ዋናውን ድግግሞሽ ብቻ ነው። ድንገት ዜሮ መሆኑ ጎዶሎ ብዜቶችን ይፈጥራል፤ የ20 ሄርዝ ሦስተኛው ብዜት 60 ሄርዝ ላይ ይወድቃልና፣ ጠረጴዛዎ እዚያ አካባቢ የራሱ ንዝረት ካለው ይቀሰቅሰዋል። በተጨማሪም ሰበቃን ለማሸነፍ የተከማቸው ድምር አብሮ ስለሚጠፋ፣ ከጎኑ አንድ ተራ ኢንተግሬተር መተው ያስፈልጋል። ውጤቱ እንዳይዘል የሚያደርገው አዲሱ ዓይነት፣ በኢንተግሬተርና በተራ ጌይን መካከል የሚቀያየረው፣ ለሞተሩ የተሻለ ነው፤ ፌዙ ያው 38 ዲግሪ ነው።

ጠያቂ (አዘዞ)፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጊዜ መለካቱን ትናንት ማታ አስገብቼ ማጣሪያውን 150 ሄርዝ ላይ አደረግሁት። መወዛወዙ ቆሟል፤ ጩኸቱም ጆሮ ካላስጠጉ አይሰማም። አቅጣጫ በሚቀይርበት ቅጽበት ግን ካውንት እስኪመጣ የድሮው ፍጥነት ተይዞ ስለሚቆይ ትንሽ ይነጥራል፤ ለዚያ የጊዜ ገደብ አበጅቼ ከገደቡ በኋላ ፍጥነቱን ወደ ዜሮ አወርዳለሁ። የክሌግን ነገር የምነካው ጠረጴዛውን በመዶሻ መትቼ የራሱን ንዝረት ከለካሁ በኋላ ነው።