የተጣራውን ውሃ ከሮቶ ወደ መኪናው ለማድረስ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ

ጸሐፊ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ ጉባኤው ላይ ተሰብስበን ከመከራከራችን በፊት የሕንፃ መስታወት ነጠብጣብ ሳይዝ እንዲደርቅ የምናጥብበትን፣ ማዕድኑ በማሽን የወጣለትን ውሃ ወደ መኪናው የማድረሱን ጉዳይ እዚሁ ብንቋጨው ይሻላል። ሁለቱ ባለ 2000 ሊትር ሮቶዎች ቃሊቲ በተከራየነው ግቢ፣ ከማሽኑ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የመኪናው ታንከር 500 ሊትር ይይዛል። በትንሿ ፓምፕና በግማሽ ኢንች ጎማ አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ለመሙላት ሁለት ደቂቃ እንደሚፈጅ ትናንት በሰዓት ይዤ አይቻለሁ። ታንከሩ እስኪሞላ 50 ደቂቃ ቆመን እንጠብቃለን ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ጄሪካን መሸከም ነው። የእኔ ሐሳብ ሦስት ሜትር ከፍታ ያለው የብረት ማማ አሠርተን ሮቶዎቹን እላዩ እንድናወጣቸው ነው፤ ውሃው በራሱ ይወርዳል።

ገንዘብ ያዥ፦ እህቴ፣ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ሁለቱ ሮቶዎች ሲሞሉ አራት ቶን በሠራተኞቻችን ራስ ላይ ልንሰቅል ነው? ይህ ለሰፈር በያጅ የሚሰጥ ሥራ አይደለም። ግቢውም የኪራይ ነው፤ አከራዩ ነገ ልቀቁ ቢሉን ብረቱን የት እንወስደዋለን? ጠንከር ያለ ፓምፕ ብንገዛስ?

የማሽን ኃላፊ፦ ፓምፕ አልጠላም፤ ነገር ግን መብራት በሌለበት ጠዋት እሱም ጌጥ ነው። ከተገዛም ከሮቶው ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ መኪናው ላይ ሆኖ ውሃ ወደ ላይ እንዲስብ አይጠበቅበት። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2400 ሜትር አካባቢ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ፓምፕ ውሃ የመሳብ አቅሙ በባሕር ጠረፍ ካለው ያንሳል። ሌላም አለ። የተጣራ ውሃ ማዕድን የተራበ ውሃ ነው፤ ያገኘውን ብረትና ናስ ቀስ በቀስ ይበላል። የምንጠቀማቸው መጋጠሚያዎችና ቫልቮች በሙሉ ፕላስቲክ ይሁኑ።

ሾፌር፦ እኔ ደግሞ የምናዘዘው ነገር አለ። ባለፈው ወር ቦሌ የሚገኝ አንድ ሕንፃ መስታወቱ ነጠብጣብ ይዞ ደርቆ ደንበኛው ሲቆጣ፣ ሁላችንም ማሽኑን አማን። ማሽኑ ጥፋት የለበትም። የዚያን ዕለት ረፍዶብኝ ነበርና ታንከሩ 400 ሊትር ሲደርስ ጎማውን ነቅዬ ቀሪውን ከቧንቧ ሞላሁት።

የማሽን ኃላፊ፦ አሁን ገባኝ! ማሽኑ ላይ ዜሮ ያነበበው የማዕድን መለኪያ ሕንፃው ሥር በሊትር ከ40 ሚሊ ግራም በላይ ያሳየው ለዚህ ነው። እኛ ከአሥር በታች እንዲሆን ነው የምንፈልገው። ያውም በቧንቧችን የሚመጣው የአቃቂ ጉድጓድ ውሃ ከለገዳዲ ግድብ ውሃ ይልቅ ማዕድን ይበዛበታል። ስለ ነገርኸን አመሰግናለሁ፤ እኔ በከንቱ ሬዚን፣ ማለትም ማዕድኑን የሚይዘውን የማሽኑን ማጣሪያ፣ ልቀይር ነበር።

ጸሐፊ፦ እንግዲያው የተበላሸው ማጣሪያው ሳይሆን ጊዜው ነው። ቶሎ ቢሞላ ኖሮ የቧንቧ ውሃ ባልጨመርህ ነበር።

አንጋፋ አባል፦ ልጆቼ፣ ማማውን እግዜር ሠርቶላችኋል፤ ቀና ብላችሁ አላያችሁትም እንጂ። ግቢው ተዳፋት ነው። ከድጋፍ ግንቡ በላይ ያለው መሬት መኪናው ከሚቆምበት በሁለት ሜትር ይበልጣል። ሮቶዎቹን እዚያ በግማሽ ሜትር የድንጋይ መደብ ላይ አስቀምጧቸው፤ ከግንቡ ጠርዝም ራቅ ይበሉ፣ ግንቡ አፈር እንጂ ውሃ እንዲሸከም አልተሠራም። መኪናው ከታች ይቁም።

ገንዘብ ያዥ፦ ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን።

የማሽን ኃላፊ፦ አሰላሁት። የታንከሩ አፍ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ስለሆነ፣ ሮቶው ሊያልቅ ሲል እንኳ ውሃው አንድ ሜትር ይወርዳል። አሥር ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 25 ሚሊ ሜትር ጎማ ከተጠቀምን 500 ሊትሩ በሩብ ሰዓት ይሞላል። በአሁኑ ቀጭን ጎማ ግን ከዚያው ከፍታ አንድ ሰዓት ሊደርስብን ይችላል። የጎማው ውፍረት ከከፍታው እኩል ወሳኝ መሆኑ በሐሳቡ ውስጥ ይጻፍልኝ። ማሽኑ የተጣራውን ውሃ ሁለት ሜትር ተኩል ለመግፋት አይቸገርም።

ሾፌር፦ በሚሞላበት ጊዜ የታንከሩ መተንፈሻ ክፍት መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰው ይመደብ፤ አንድ ጊዜ ተዘግቶ ታንከሩ እንደ ፊኛ ተነፍቶብኛል። ግማሽ ጎደሎ ታንከርም አልወድም፤ ውሃው በየመታጠፊያው መኪናውን ይጎትተዋል። ወይ ሞልተን እንውጣ ወይ ባዶ።

አንጋፋ አባል፦ ክረምት ሲገባ የጣሪያውን የዝናብ ውሃ ብንጠቀምስ? ሰማይ ያጣራው ነው።

የማሽን ኃላፊ፦ ማዕድኑ በእርግጥ ጥቂት ነው፤ ችግሩ የጣሪያው ቆርቆሮ አቧራና የወፍ ኩስ ነው እንጂ። የመጀመሪያውን ዝናብ ደፍተን ቀጣዩን ወደ ማሽኑ ብናስገባው ሬዚኑ ዕድሜ ያገኛል። ለብቻው ይታይ።

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው፦ «ሁለቱ ሮቶዎች በላይኛው መሬት በድንጋይ መደብ ላይ ይቀመጡ። ማስተላለፊያው ባለ 25 ሚሊ ሜትር ጎማ ሆኖ ቫልቭ በሮቶው በኩልም በጎማው ጫፍም ይኑረው። ጎማው ለሌላ ሥራ አይዋል፤ ጫፉ ተከድኖ ይሰቀል። ፀሐይ አልጌ እንዳታበቅልበት ሮቶዎቹ ጥቁር ይሁኑ ወይም ይሸፈኑ። መኪናው ከመውጣቱ በፊት የታንከሩ ውሃ ማዕድኑ ይለካ፤ ከአሥር በላይ ካነበበ አይወጣም። ማሽኑ የሚጥለው ውሃ ተጠራቅሞ ለመኪናና ለወለል ማጠቢያ ይዋል።» ፓምፑን ለመጠባበቂያ እናቆየው።

ገንዘብ ያዥ፦ እስማማለሁ። የድንጋዩንና የጎማውን ዋጋ ከሦስት ቦታ ጠይቄ ሐሙስ አመጣለሁ።

ሾፌር፦ እኔም እስማማለሁ፤ ነገር ግን መኪናውን ወደ ግንቡ ለማስጠጋት በሩ አጠገብ የተከመረው አሮጌ ቆርቆሮ መነሳት አለበት። የማን ነው?

አንጋፋ አባል፦ የእኔ ነው። ቅዳሜ አነሳዋለሁ።