የውሃ ጠብታ ፎቶ በቤት ውስጥ፦ ጠብታው ለምን እንደ ክር ይረዝምብኛል?

ጠያቂዋ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ጠብታ ውሃ ላይ ሲያርፍ ወደ ላይ የሚነሳውን ነገር በማክሮ (በቅርብ አጉልቶ በሚያነሳ ሌንስ) ለማንሳት ሶስት ቀን ሙሉ እየታገልኩ ነው እና እባካችሁ እርዱኝ። ያለኝ ካኖን 700ዲ፣ ከጓደኛዬ የተዋስኩት 100 ሚሊ ማክሮ እና አንድ ዮንግኑዎ 560 ፍላሽ ከነትሪገሩ (ከርቀት ማስነሻው) ነው። ቦታው ኩሽናችን ነው፣ ጥቁር የኬክ መጋገሪያ ላይ ውሃ ሞልቼ ከላዩ የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑን በመርፌ በስቼ ሰቅያለሁ፣ ከፍታው 40 ሳንቲ ይሆናል። መጀመሪያ ፍጥነት ነው የሚያስፈልገው ብዬ ሻተሩን (የካሜራውን መዝጊያ) 1/500 ሰከንድ አደረኩት፣ ከፎቶው አብዛኛው ጥቁር ሆኖ ወጣ። 1/200 ስመልሰው ጥቁሩ ጠፋ ግን ጠብታው ክር መሰለ፣ ከጎኑ ደግሞ ጥላ የመሰለ ሌላ ጠብታ አለ። ኤፍ 22 (የሌንሱ ቀዳዳ)፣ አይኤስኦ 100 (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት)፣ ፍላሹ ሙሉ ጉልበት ላይ፣ ከፊት ለፊት 60 ሳንቲ ርቀት ላይ ነው። ፎከሱም አንዴ ይይዛል አስሬ ይስታል። ምን ላድርግ?

አንድ አባል፦
ሻተሩን 1/4000 አድርጊው፣ የሚሮጥ ነገር በፈጣን ሻተር ነው የሚያዘው።

የሰርግ ፎቶ አንሺ፦
ወንድሜ ይሄ ለፀሐይ ብርሃን ነው እንጂ እዚህ አይሰራም። እህቴ አትስሚው፣ 1/500 ላይ ጥቁር የሆነብሽ ለዚህ ነው። የ700ዲ ሲንክ (ፍላሽ አብሮት የሚሰራበት ከፍተኛው የሻተር ፍጥነት) 1/200 ነው፣ ከዛ በላይ ስትሄጂ ሻተሩ ሙሉ ለሙሉ ሳይከፈት መዘጋት ይጀምራል፣ ያ ፍላሽ ደግሞ ሃይ ስፒድ ሲንክ (ከዛ በፈጠነ ሻተር አብሮ የመስራት ችሎታ) የለውም። ቢኖረው እንኳ ለዚህ ስራ አይጠቅምሽም ምክንያቱም ብርሃኑን ቆራርጦ ነው የሚለቀው። ጠብታውን የሚያስቆመው ሻተሩ ሳይሆን ብልጭታው ነው፣ እሱን ነው ማሳጠር ያለብሽ። የእንደዚህ ፍላሽ ጉልበት ሲቀነስ ብርሃኑ መድከሙ ሳይሆን ቶሎ መጥፋቱ ነው፣ ስለዚህ ጉልበቱን 1/32 (ከሙሉው 32ኛ እጅ) ላይ አድርጊው።

ጠያቂዋ፦
እሺ ግን 1/32 ላይ ሞክሬው ምንም አይታይም ነበር፣ ጨለማ ነው።

የሰርግ ፎቶ አንሺ፦
5 ስቶፕ ነው ያጣሽው (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በእጥፍ ሲጨምር ወይም በግማሽ ሲቀንስ ነው)፣ መልሰሽ አምጪው። ከኤፍ 22 ወደ ኤፍ 11 ስትወርጂ 2 ስቶፕ፣ አይኤስኦ 400 ስታደርጊ 2፣ ፍላሹን ከ60 ወደ 30 ሳንቲ ስታስጠጊ ሌላ 2፣ እንዲያውም ይተርፍሻል። ኤፍ 22 ማክሮ ላይ ፎቶውን ራሱ ያለሰልስብሻል እኔ አልወደውም። ሌላው ጥቅም ፍላሹ በዝቅተኛ ጉልበት ሲሰራ ቶሎ ይሞላል ባትሪም አይጨርስም።

የፊዚክስ መምህሩ፦
በቁጥር ላሳይሽ። ከ40 ሳንቲ የወደቀ ጠብታ ውሃው ጋ ሲደርስ በሰከንድ 2.8 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። በ1/200 ሰከንድ ውስጥ 14 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፣ ክሩ እሱ ነው። ብልጭታው 1/1000 ሰከንድ ቢሆን እንኳ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይንቀሳቀሳል። 1/10000 ላይ ግን 0.28 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ አይን አያየውም። ጥላ የመሰለው ሁለተኛው ጠብታ ደግሞ የመስኮቱ ብርሃን ስራ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ ፍላሹን አጥፊና በዛው ሴቲንግ አንሺ፣ ፎቶው ድፍን ጥቁር ካልሆነ መጋረጃ ያስፈልግሻል ወይ ማታ ስሪ። ኤጀርተን የሚባለው የአሜሪካው ኤምአይቲ ኢንጂነር በ1957 ያነሳት የወተት ጠብታ አክሊል እኮ ከዚሁ መላ ነው የወጣችው፣ አጭር ብልጭታ።

ከሜሪላንድ፦
ፎከሱን በተመለከተ፣ አውቶውን አጥፊው። ጠብታው በሚያርፍበት ቦታ ላይ እስክሪብቶ ወይም ረጅም ምስማር አቁሚ፣ ጠብታው ጫፉን እስኪመታው ድረስ አስተካክዪው፣ ላይቭ ቪው (በካሜራው ስክሪን ማየት) ከፍተሽ 10 ጊዜ አጉልተሽ በማኑዋል ያዢውና ምስማሩን አውጪው፣ ከዛ በኋላ ትራይፖዱን ማንም እንዳይነካብሽ። ጠርሙሱ ከተወዛወዘ ግን ይሄ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው፣ በክር የተሰቀለ ከሆነ በሁለት ወንበር መሃል እንጨት አጋድመሽ እሱ ላይ እሰሪው። ሌንሱ ፊት ላይ ዩቪ ፊልተር (መከላከያ መስታወት) ግጠሚ፣ ውሃው እንዳይረጨው፣ የሰው እቃ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እኔን ብዙ ያለፋኝ፦ ፍላሹን ከፊት አታድርጊው፣ ጠብታው ላይ ነጭ ነጥብ ብቻ ነው የሚያተርፈው። ከውሃው ጀርባ ነጭ ስስ ወረቀት ዘርግተሽ ፍላሹን ከወረቀቱ በስተኋላ ወደ ካሜራው አዙሪው፣ ብርሃኑ በጠብታው ውስጥ አልፎ ሲመጣ ጠርዙ ቁልጭ ይላል። ቀለም ከፈለግሽ ወረቀቱን ቀይሪ።

ነርሷ፦
ለጠብታው ክዳን መብሳት ይቅርና ከፋርማሲ አዲስ የጉሉኮስ ቱቦ ግዢ፣ ጥቅም ላይ የዋለ እንዳትነኪ አደራ። ፍሰቱን የምትቆጣጠሪበት ትንሽ ጎማ አለው፣ ብዙውን ጊዜ 20 ጠብታ 1 ሚሊ ነው፣ በሰከንድ አንዴ እንዲወርድ አድርገሽ ብትተይው አይሳሳትም። ጠርሙሱን ገልብጠሽ ስትሰቅዪው ቂጡ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አርጊለት፣ አየር ካልገባ ይቆማል።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ!! ትናንት ማታ 3 ሰዓት ላይ መብራት አጥፍቼ ሰራሁት። 1/32፣ ኤፍ 11፣ አይኤስኦ 400፣ ፍላሹ ከወረቀት ጀርባ፣ ወረቀቱ ብርሃን ስለሚበላ ወደ 20 ሳንቲ አስጠጋሁት። የመጀመሪያውን ቀጥ ብሎ የቆመ ጠብታ ሳይ እናቴን ከእንቅልፍ ቀሰቀስኳት። ከ140 ፎቶ 9 ጥሩ አገኘሁ። ግን የሚነሳው ምሰሶ አጭር ነው፣ ደግሞ ያቺ ጃንጥላ የምትመስለዋ ቅርፅ እንዴት ነው የምትመጣው?

የፊዚክስ መምህሩ፦
መጋገሪያው ጥልቀት ስለሌለው ነው። ስስ ውሃ አክሊል ይሰጥሻል፣ ምሰሶ ከፈለግሽ 4 ወይም 5 ሳንቲ የሚሆን ጎድጓዳ ሳህን እስከ አፉ ሙዪ፣ ጠርዙም ፎቶ ውስጥ አይገባም። ጃንጥላዋ ሁለት ጠብታ ናት፣ የመጀመሪያው ያስነሳው ምሰሶ ገና ቆሞ ሳለ ሁለተኛው ጫፉ ላይ ሲያርፍ ነው። በመሳሪያ የሚሰሩት ጠብታውን የሚለቀውን ቫልቭ በሚሊ ሰከንድ ስለሚያዙት ይሳካላቸዋል፣ በእጅ ከሆነ ጎማውን ላላ አድርጊና ጠብታው ተከታትሎ እንዲወርድ አርገሽ ደጋግመሽ አንሺ፣ ከብዙ አንዴ ይገጥማል።

ከሜሪላንድ፦
እስኪገጥምሽ ድረስ ደግሞ የሳር ቅጠል ጫፍ ላይ ጠብታ አንጠልጥለሽ ከጀርባው ትንሽ ራቅ አርገሽ አደይ አበባ አቁሚ። አበባው ጠብታው ውስጥ ተገልብጦ ይታይሻል፣ ፎከሱን ግን ጠብታው ላይ ሳይሆን ውስጡ ያለው አበባ ላይ ያዢ።

ጠያቂዋ፦
አደዩ እስኪደርስ በፅጌረዳ ልሞክረው፣ ጎድጓዳ ሳህኑንም ዛሬ ማታ። ውጤቱን እዚሁ እለጥፋለሁ።