ሰው የፈለጠው ባልጩት ከተፈጥሮ ስባሪ በምን ይለያል?

የአዋሽ ዳር፦ ሰላም ለሁላችሁ። መልካ ቁንጡሬ (አዋሽ ዳር ያለው የጥንት ሰው መሣሪያዎች መገኛ) ዙሪያ ጥቁር ባልጩት፣ ማለትም የእሳተ ገሞራ መስታወት፣ መሬት ላይ ተበታትኖ ይታያል። የሰው እጅ ያረፈበት የትኛው ነው? ዕድሜውስ ድንጋዩን በማየት ይታወቃል?

ድንጋይ አንባቢ፦ መጀመሪያ ምቱ ያረፈበትን ጫፍ ይፈልጉ። ፍላጩ (ከዋናው ድንጋይ በምት የተላቀቀው ስባሪ) እዚያ ላይ ጠበብ ያለ ጠፍጣፋ ገጽ አለው። ከገጹ ሥር፣ ከዋናው ድንጋይ በተላቀቀው ፊት በኩል፣ ትንሽ እብጠት አለ፤ ጣት ሲያልፍበት ይታወቃል። ከእብጠቱ የሚነሱት ቀለበታማ ሞገዶች ብርሃን ከጎን ሲያርፍባቸው ቁልጭ ይላሉ። ጀርባው ላይ ደግሞ ቀድመው የተነሱ ፍላጮች ጠባሳ በአንድ አቅጣጫ ከተደረደረ ጥሩ ምልክት ነው። ሙቀት የሰነጠቀው ድንጋይ ጎድጎድ ይላል እንጂ እብጠት አያወጣም። ባዛልት ላይ ግን ይጠንቀቁ፤ ሸካራ ስለሆነ የሰው ሥራ ሆኖም እብጠቱ ደብዛዛ ነው። የክሬሸር ጠጠርም እብጠት ሊኖረው ስለሚችል በአንድ ምልክት ብቻ አይፍረዱ።

ጠርዝ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጠርዙ ላይ ነው። ከብት የረገጠው ባልጩት ጠርዙ በጥቃቅኑ ይሸራረፍና ሆን ተብሎ የተሳለ ይመስላል። የተሳለው ተከታታይና ተመሳሳይ ነው፤ የተረገጠው እዚህም እዚያም ነው። ገጹ ደብዝዞ ሽርፉ ብቻ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ሽርፉ ከፍላጩ በኋላ የመጣ ነው።

ደለል፦ ወደ ዕድሜው ስንመጣ፣ ቅርጹ ብቻውን አይነግርዎትም። የድንጋዩ ምንጭ የሆነው ባልጪት የሚባል ቦታ ለመልካ ቁንጡሬ ቅርብ ነው። በአካባቢው ሰዎች ባልጩት መፍለጥ የጀመሩት ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ በጉራጌ ደግሞ ቆዳ ፋቂዎች እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ተጠቅመውበታል። ድንጋዩን ራሱን በአርጎን ዘዴ (በውስጡ የተጠራቀመውን የአርጎን ጋዝ በመለካት) ዕድሜውን ቢለኩትም የሚያገኙት እሳተ ገሞራው የቀዘቀዘበትን ዘመን እንጂ የተፈለጠበትን አይደለም። የሚለካው የተቀበረበት ንብርብር ነው። አፋር ውስጥ ጎና ላይ የተገኙት መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የተባሉት ከበላያቸው ያለው አመድ በአርጎን ተለክቶ፣ ደለሉ የያዘው የመሬት መግነጢስ ግልበጣ (የሰሜንና የደቡብ ዋልታ መገለባበጥ) ምልክትም ተጨምሮበት ነው። ከንብርብሩ የወጣ ፍላጭ ይህን ሁሉ ያጣል።

ስለዚህ አያንሱት። አጠገቡ ማስመሪያ ወይም ሳንቲም አድርገው በሁለቱም ፊት ፎቶ ያንሱ (ለመገልበጥ ካነሱት እዚያው ቦታው ይመልሱት)፣ ጂፒኤሱን ይመዝግቡ፣ ከገደል ፊት ላይ ወጥቶ ከሆነ ከየትኛው ንብርብር እንደሆነ ይጻፉ። ከዚያ ለቅርስ ባለሥልጣን ወይም ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ፤ አዋጅ 209/1992ም ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል።