ለሁለት ምጣድ ስንት ሚሊ ሽቦ ይበቃል?

ሰላም ወገኖች። ጅማ ውስጥ ከቤቴ ጀርባ ሁለት የሚከራዩ ሰርቪስ ክፍሎች ሠርቻለሁ። ሠራተኛው ሶኬቶቹን በሙሉ በአንድ ባለ 2.5 ሚሊ ሽቦ አገናኛቸው። እንጀራ ሲጋገር ባለ 16 አምፔሩ ብሬከር እየደጋገመ ሲጥል አወጣውና 32 አስገባ። አሁን አይጥልም፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

አንዱ ምጣድ 3,500 ዋት ነው። በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። ሁለቱም ተከራዮች አንድ ላይ ከጋገሩ 32 ሊሞላ ነው። ብሬከሩ ዝም ካለ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይቃጠላል ማለት አይደል? ትናንት ሶኬቱን ስነካው ያቃጥላል።

ግድግዳው ተለስኗል። ለየምጣዱ ባለ 6 ሚሊ መስመር ከነብሬከሩ ለብቻ ልዘርጋ ብዬ አስቤአለሁ። ልስኑን ሳላፈርስ በላዩ ላይ በፕላስቲክ ቱቦ ባስኬደው ችግር አለው? ወይስ አንድ የጋራ ማድ ቤት ሠርቼ፣ ምጣዱ እንደጋለ ተራ በተራ ቢጋግሩ ይሻላል? የቆጣሪው ሂሳብም ይቀንስ ነበር።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግራውንድ፣ ማለትም ያፈሰሰውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ፣ አለመኖሩ ነው። የጅማን ዝናብ ታውቃላችሁ፤ ልጆቹ በእርጥብ እግራቸው ነው የሚገቡት። ለግራውንዱ መሬት ውስጥ ከሚቀበረው ዘንግ ሌላ፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጠውን ባለ 30 ሚሊአምፔር ብሬከር የት ላስገባ? ዋናው ላይ ወይስ በየክፍሉ? የሠራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። እስከዚያ አንድ ምጣድ ብቻ እንዲሰካ ለምኛቸዋለሁ።