ባደስኩት የኮምፕሬሰር ፓምፕ ላይ አየር በመግቢያው በኩል እየተመለሰ ተቸግሬያለሁ

ለ15 ዓመታት ያህል ሳይሠራ የተቀመጠ፣ ሁለት ሲሊንደር ያለውና በቺንጋ የሚዞር የአየር ኮምፕሬሰር ፓምፕ ወደ ሥራ ለመመለስ እየጣርኩ ነው። ሲሊንደሮቹ ምንም ጭረት ስለሌለባቸው ሊጣል አይገባውም ብዬ አምናለሁ። ሙሉ በሙሉ ፈትቼ ካጠብኩት በኋላ የፒስተኖቹን ፋሻዎች (በፒስተኖቹ ዙሪያ ያሉትን ቀለበቶች) እና ጓርኒሲዮኖቹን (በመጋጠሚያዎቹ መካከል የሚገቡትን ማሸጊያዎች) በአዲስ ቀይሬ የኮምፕሬሰር ዘይት ሞልቼበታለሁ። አየሩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት የቫልቮቹ ስስ የብረት ምላሶች ግን ምትክ ስላልተገኘላቸው፣ ዝገታቸውን በጠፍጣፋ መስታወት ላይ በዘረጋሁት ባለ 1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አስለቅቄ መልሼ ገጥሜያቸዋለሁ።

ፓምፑ ታንኩን እስከ 4 ባር በጥሩ ፍጥነት ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ግፊቱ ፈቀቅ አይልም፤ ከሁለቱ የአየር ማጣሪያዎች ወደ አንዱ እጄን ሳስጠጋም አየር ወደ ውጭ ሲተፋ ይሰማኛል። የሁለቱን ሲሊንደሮች ምላሶች አቀያይሬ ብሞክርም ትፋቱ ከዚያው ሲሊንደር አልተንቀሳቀሰም፤ ስለዚህ ችግሩ የምላሶቹ አይመስለኝም። እንደ እኔ ግምት ወይ ምላሱ የሚያርፍበት ወለል በዝገት ተበልቷል፣ ወይ ደግሞ በቴስታው (በሲሊንደሮቹ የላይኛው ክዳን) ውስጥ የመግቢያውን ክፍል ከመውጫው የሚለየው ጓርኒሲዮን አየር ያሳልፋል።

ቴስታውን እንደገና ከፍቼ አዲሱን ጓርኒሲዮን ከማበላሸቴ በፊት፣ ጥፋቱ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ በምን ዓይነት ሙከራ መለየት እችላለሁ?